ሦስቱ ‹ሀ›ዎችና የቤተ መጻሕፍቱ ሰው

ከሥራ ቀደም ብዬ በወጣሁበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማሪነት ዘመኔ ጀምሮ ወደማውቀው ቤተ መጻሕፍት ጎራ አልኩ። ድሮ አንብቤው እስከ ዛሬ ትዝ የሚለኝ አንድ ቀጭን የግጥም መድበል ነበርና እሱን ፍለጋ ነበር የሄድኩት። ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጬ የገጣሚውን ስም ጻፍኩ፤ የለም አለኝ። ርእሱን ጻፍኩ፤ አሁንም የለም። ወይ ተሰርቋል ወይ ተወግዷል ብዬ ልነሣ ስል ከኋላዬ የማውቀው ድምፅ መጣ።

‹‹በሐመሩ ሐ ሞክረው፣ ልጄ። እሱ እምቢ ካለህ ደግሞ በብዙኃኑ ኀ።››

ሞከርኩ። በብዙኃኑ ኀ መጽሐፉ ብቅ አለ። ከመደርደሪያው ሳወጣው አቧራ ለብሶ ነበር፤ እኔ እንደፈለግኩት ሁሉ ሌሎችም ፈልገው አጥተውት ሄደው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አንድ መጽሐፍ በአንድ ፊደል ምክንያት በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ‹‹የለም›› ተብሎ ኖሯል።

እኚህን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ስለ ስም በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ የሳቸው ስም አለመጠቀሱ ግር ቢልም ራሳቸው አይወዱትምና ትቼዋለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ መጻሕፍት ሲያውሱና ሲመልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ኮምፒዩተር የተማሩት ግን ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ያን ዕለት ቡና ስንጠጣ ‹‹እኔ የኮምፒዩተር ትምህርት የጀመርኩት በቁልፉ መሰለህ? በፊደሉ ነው የጀመርኩት፤ ገና አልጨረስኩም›› አሉኝ። ነገሩ በውስጤ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው በየጊዜው ያጫወቱኝንና እኔ ካነበብኩት ያገኘሁትን አዛምጄ፣ መጽሐፍን ከማኖር ይልቅ የተቀመጠውን መልሶ ማግኘት ስንት ዘመንና ስንት ድካም እንደጠየቀ፣ እነሆ ለእናንተ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች አቀርባለሁ።

*

መጽሐፍ ጠባቂነት በሀገራችን ትናንት የተጀመረ ሙያ አይደለም። በየገዳሙና በየደብሩ ዕቃ ቤት ብራናው ከቆዳ ማኅደሩ ገብቶ፣ በማንገቻው ከግድግዳ ችካል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀመጥ ነበር፤ በብዙ ቦታ ዛሬም እንዲሁ ነው። አሰቃቀሉ ከአይጥ፣ ከምስጥና ከወለል እርጥበት ያድነዋል። ዝርዝሩ ግን በአብዛኛው በዕቃ ቤቱ ኃላፊ ራስ ውስጥ የተጻፈ ነበር። የትኛው ድርሳን ከየትኛው ችካል ላይ እንዳለ፣ ማን እንደተዋሰውና መቼ እንደሚመልሰው የሚያውቀው እሱ ነው። አንዳንዴ በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ሲዘረዘር መጻሕፍቱም ከጻሕሉና ከመስቀሉ ጋር አብረው ይቆጠራሉ። የመጀመሪያዎቹ ካታሎጎቻችን እነዚያ ገጾች ናቸው ብንል የምንሳሳት አይመስለኝም።

ጥበቃውም የራሱ ሥርዐት ነበረው። ጸሐፊው ወይም ባለመጽሐፉ በመጨረሻው ገጽ ላይ ግዝት ያኖራል፤ ይህን መጽሐፍ የሰረቀ ወይም ጽሑፉን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል። ጋሼ ይህን ሲያነሡ ሁልጊዜ ፈገግ ይላሉ። በግዕዝ በእሳቱ ሰ የተጻፈ ‹ሰረቀ› ሌብነት ነው፤ በንጉሡ ሠ የተጻፈ ‹ሠረቀ› ግን ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ስለ ፀሐይ ይነገራል። ስለዚህ እጁ የሳተ ጸሐፊ ሌባውን ትቶ ጎህን ሊያወግዝ ይችላል። ቀልድ ነው፤ ነገር ግን የቀልዱ መሠረት እውነት ነው። በግዕዝ የተለያዩት ድምፆች በአማርኛ አፍ አንድ ሆነዋል፤ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ በአንድ ድምፅ ይጠራሉ፤ አልፋው አና ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ እንዲሁ። ከጥንት ጀምሮ ጸሐፍቱ ራሳቸው እያቀያየሩ ጽፈዋቸዋል። ብራናውን በዐይኑ ለሚያነብ ሰው ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ አፉ ያስታርቀዋል። ችግሩ የመጣው ዐይንም አፍም የሌለው አንባቢ ሲመጣ ነው።

*

ከችካሉ ወደ ታተመ ካታሎግ የተሄደው መንገድ በእኛ ታሪክ በመቅደላ በኩል ያልፋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደርና ከሌላም ቦታ ያሰባሰቧቸው ብዙ መጻሕፍት መቅደላ ላይ ነበሩ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ምሽጉ በእንግሊዝ ጦር ሲወድቅ መጻሕፍቱም ተዘረፉ። ከጦሩ ጋር ከብሪቲሽ ሙዚየም የመጣ ሪቻርድ ሆምስ የተባለ ሠራተኛ ነበር፤ ከዘረፋው ብዙውን ለሙዚየሙ ገዛ። 350 ያህል ብራናዎች ለንደን ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1872 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጠይቀው ክብረ ነገሥት ተመለሰላቸው፤ አብዛኛው ግን እዚያው ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1877 ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ የእነዚህን መጻሕፍት ካታሎግ በእንግሊዝኛ አሳተመ። እያንዳንዱ ብራና ቁጥር ተሰጠው፤ ቅጠሉ ተቆጠረ፤ ዘመኑ ተገመተ፤ በውስጡ ያሉት ድርሳናት አንድ በአንድ ተለይተው ተጻፉ። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል። ነገር ግን አንድ መራራ ነገር አለበት፤ የዚያ ስብስብ የታተመ ዝርዝር የተገኘው ስብስቡ ከባለቤቱ እጅ ከወጣ በኋላ፣ ባለቤቱ በማያነበው ቋንቋ ነው። የጎንደር ሊቅ መጽሐፉ የት እንደደረሰ ለማወቅ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ ለንደን መድረስ ነበረበት።

ጋሼ ይህን ካታሎግ በወጣትነታቸው አንድ ጊዜ እንዳዩት ነግረውኛል። ‹‹ተናደድኩም ቀናሁም›› ነው ያሉኝ። ‹‹የተናደድኩት በተወሰዱት መጻሕፍት ነው። የቀናሁት ደግሞ እንዲህ አድርጎ መዘርዘር በመቻሉ። እኛ ካለንበት መደርደሪያ ያለውን እንኳ ማን እንዲህ ጻፈልን?››

*

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሀገራችን በዘመናዊ መልኩ የተከፈተው በ1936 ዓ.ም. ነው። ስሙ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ነበርና እስከ ዛሬ ብዙ ሰው በአጭሩ ‹ወመዘክር› እያለ ይጠራዋል። ኋላም የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በዳይሬክተርነት፣ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ በቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት የገነት ልዑልን ቤተ መንግሥት የጥናት ቤት አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ስድስት ኪሎ የሄደ ተማሪ ሁሉ የካርዱን መሳቢያ ያውቀዋል፤ ከታች ቀዳዳ ያለው፣ በብረት ዘንግ የተወጋ፣ ጠርዙ በጣት ብዛት የጠቆረ ካርድ።

ካርዱ ሥርዐቱን ይዞ ከውጭ መጣ። አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው አመዳደብ የሰውን ዕውቀት በሙሉ ከ000 እስከ 999 ባሉ ቁጥሮች ያስተናግዳል። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ሆነ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ደግሞ ከሴማውያን ቋንቋዎች ሥር ወርዶ 892.87 ላይ ተቀመጠ። የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ በ820 በሰፊ አዳራሽ ሲኖር የእኛው ከነጥብ በኋላ በተሠራች ጠባብ ጓዳ ገባ ማለት ነው። ክብረ ነገሥትስ የት ይቀመጥ? ታሪክ ነው? ሃይማኖት ነው? ሥነ ጽሑፍ? ሦስቱም ነው፤ መደርደሪያው ግን አንድ ቦታ ብቻ ይፈልጋል።

ከቁጥሩ ይልቅ ጋሼን ያደከማቸው ስሙ ነው። የፈረንጅ ሥርዐት ደራሲን በቤተሰብ ስሙ ይፈልጋል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ሀዲስ ዓለማየሁን ‹ዓለማየሁ፣ ሀዲስ› ብሎ የመዘገበ ሰው ሳያስበው ፍቅር እስከ መቃብርን ለደራሲው አባት ሰጥቶታል። በሙያው የጠለቁት ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን ደራሲ በራሱ ስም ማስገባት እንደሚገባ ያውቃሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካም ሰዎችን የሚዘረዝረው በራሳቸው ስም ነው። ሆኖም በብዙ መዝገብ ውስጥ ዛሬም አባት የልጁን መጽሐፍ ወስዶ ይገኛል።

ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ይህን ቁጥር ሳይለውጥ የመዘገበ የውጭ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን ከመታተሙ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አስቀድሞ ወልዶታል። ለቤተ መጻሕፍት ሰው እንዲህ ያለው ስሕተት ትንሽ አይደለም፤ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ የሚጻፈው ከእነዚህ ካርዶች ነውና።

*

ካርዱ በየመሳቢያው ሲበዛ ብራናው በየገዳሙ እየጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤት፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ገዳማዊ የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ብራናዎችን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። ሥራው በአብዮቱም፣ በጦርነቱም ጊዜ እስከ 1990ዎቹ ቀጠለ፤ ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሡ። መጻሕፍቱ በአገራቸው ቀርተው ምስላቸው ብቻ ሄደ። ከመቅደላ ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ማንሣት አንድ ነገር ነው፤ ምን እንደተነሣ ማወቅ ሌላ። ይህን ሸክም በትከሻቸው የተሸከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በሸንኮራ የተወለዱት እኚህ ሊቅ በ1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች ሊይዟቸው ቤታቸው በመጡበት ጊዜ በጥይት ቆስለው ከወገብ በታች ሽባ ሆኑ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄደው፣ በኮሌጅቪል በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ የእነዚያን ፊልሞች ይዘት ቅጠል በቅጠል እያነበቡ መዘገቡ። ዊልያም ማኮምበር የጀመረውና እሳቸው የቀጠሉት ካታሎግ አሥር ቅጽ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1988 የማካርተር ሽልማት አገኙ፤ በ2021 ዐረፉ። አገሩን ያጣ ሰው በባዕድ አገር ክረምት ተቀምጦ ለአገሩ መጻሕፍት መንገድ ሲጠርግ ሳስብ፣ ካታሎግ ደረቅ ነገር ነው የሚለውን አነጋገር መስማት ያሳፍረኛል።

*

ኮምፒዩተር በዚህ መሐል መጣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሀበሻ ባለሙያዎች የግዕዝን ፊደል በግል ኮምፒዩተር መጻፍ እንዲቻል አደረጉ። ችግሩ ማሽኑ የተሠራው ለላቲን ፊደል መሆኑ ነበር፤ ቦታው 256 ብቻ ነው። የእኛ ገበታ 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ነው፤ በዚህ ላይ ዲቃላው፣ ቁጥሩና ሥርዐተ ነጥቡ አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደላችንን በላቲኑ ፊደል ወንበር ላይ በየራሱ ዘዴ አስቀመጠው። አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና ሌሎችም መጡ፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ለኮምፒዩተሩ ፊደላችን የላቲን ፊደል ጭምብል ያደረገ እንግዳ ነበር።

ጭምብሉ የወለቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በሦስተኛ እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን 384 ቦታ ያለው ሰፈር ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ቅርጸ ፊደል ይዞ መጣ። አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። ሀዲስ ዓለማየሁ በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ የሚጠብቀውን ፊደል ለመለየት ከራሱ ላይ ነጥብ ያኖሩ ነበር። ያቺ የማጥበቂያ ምልክት በዩኒኮድ ቦታ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። መጽሐፉ ከታተመ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ደራሲውም ካለፉ በኋላ መሆኑ ነው።

ጋሼ ሥልጠና የገቡት በዚህ የሽግግር ዘመን ነው። ሥልጠናው አምስት ቀን ነበር። ‹‹በመጀመሪያው ቀን አይጧን መያዝ አቃተኝ፤ ወጣቶቹ ሣቁ›› ይላሉ። ‹‹በሦስተኛው ቀን ፍለጋ ተማርን። አሠልጣኙ ‹የፈለጉትን ይጻፉና ይህን ይጫኑ፤ ሁሉም ይመጣል› አለን። እኔ ‹ኃይሌ› ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለት መጽሐፍ መጣ። በእጄ የማውቀው ግን ከሃያ በላይ ነው። እጄን አውጥቼ ሌሎቹስ የት ሄዱ አልኩት። ‹ከሌሉ የሉም ማለት ነው፣ አባባ› አለኝ።››

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። በማግስቱ አንድ ትልቅ ደብተር ገዝተው ሒሳብ ጀመሩ። የሀዲስ ዓለማየሁን ስም ብቻ ብንወስድ፣ ‹ሀ›ን በ‹ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ›፤ ‹ዓ›ን በ‹አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ› መጻፍ ይቻላል። ስድስት ጊዜ አራት፣ ሃያ አራት ስም! ሰው ሲያነበው አንድ ደራሲ ነው፤ ለማሽኑ ግን ሃያ አራት ሰዎች ናቸው። ጋሼ በደብተራቸው በስተግራ ለእያንዳንዱ ደራሲ አንድ አጻጻፍ መረጡ፤ በስተቀኝ በመዝገቡ ውስጥ ያገኟቸውን ሌሎቹን አጻጻፎች ሁሉ ጻፉ። በላቲን ፊደል ለገቡትም እንዲሁ አደረጉ። በዓለም ያሉ ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ለዚሁ ተብሎ የሚጠበቅ የስሞች መዝገብ እንዳላቸው፣ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑንም ያወቁት ኢንተርኔት መጠቀም ከለመዱ በኋላ ነው። ‹‹እኔ ብቻዬን ያበድኩ መስሎኝ ነበር›› አሉኝ።

በዚህ ላይ እኔም ምስክር ነኝ። በባንክ መስኮት ተቀምጬ የማያቸው ስሞች ለእኔ የዕለት እንጀራዬ ናቸው። አንዱ ኃይሉ በመታወቂያው ላይ አንድ ዐይነት፣ በደብተሩ ላይ ሌላ፣ በላቲን ፊደል ደግሞ ሦስተኛ ስም አለው። ከገጠር የመጡ አንዲት እናት የልጃቸውን ገንዘብ ለመቀበል በአንዲት ፊደል ልዩነት ተመልሰው ሲሄዱ አይቻለሁ። በባንክ ፊደል ሲዛነፍ የሚጮህ ሰው አለ። መጽሐፍ ግን አይጮህም።

*

አዲሱ ሥርዐት ከገባ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ያ የካርድ መሳቢያ ቦታ ይዟል፣ ይወገድ ተባለ። ትእዛዙ ለእኛ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ዘመኑ በየአገሩ እንዲህ ነበር። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ለቤተ መጻሕፍት ካርድ ሲያትም የኖረው የአሜሪካው ኦሲኤልሲ የመጨረሻውን ካርድ ያተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ጋሼ ግን መሳቢያዎቹን ወደ ምድር ቤት አወረዱና በላስቲክ ሸፈኗቸው። ‹‹አለቃዬ ‹ምን ያደርግልሃል?› አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እያንዳንዱ ካርድ ግን በእጄ የተጻፈ ነው፤ እንዴት ብዬ ልጣለው?›› ነው የሚሉት።

መልሱ ከዓመታት በኋላ መጣ። አሮጌው ኮምፒዩተር ሞቶ በአዲስ ሲተካ መዝገቡ የተጻፈበት የቀድሞ ፕሮግራም አልተገኘም። ፋይሉ ሲከፈት የወጣው የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና ባዶ ሣጥን ነው። መጻሕፍቱ በየመደርደሪያቸው ቆመው የት እንዳሉ የሚያውቅ ጠፋ። ያን ጊዜ ላስቲኩ ተገለጠ፤ መዝገቡ ከካርዱ ላይ እንደገና፣ አሁን በዩኒኮድ፣ ተጻፈ። ጋሼ ይህን ሲናገሩ የማሸነፍ ስሜት አይታይባቸውም። ‹‹ኮምፒዩተሩን አልተቃወምኩም፤ ዛሬ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ግን ማንኛውም አዲስ ሣጥን አሮጌው ምን እንደያዘ እስኪያውቅ ድረስ አሮጌው ባይጣል ነው የምለው›› ይላሉ።

ይህ የድሆች አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ፣ የመቅደላ ብራናዎች ዛሬ ያሉበት ታላቅ ቤት፣ በኮምፒዩተር ወንበዴዎች ተጠቃ። ካታሎጉ ለወራት ተዘጋ፤ ሠራተኞቹ ወደ ወረቀትና ወደ እጅ ሥራ ተመለሱ። ከዓመታት በፊት በኢንተርኔት እንዲታዩ ተደርገው የነበሩት የብራና ምስሎች ከካታሎጉም በላይ ቆይተው ጠፉ። የእኛን ብራናዎች እቤቱ ሆኖ ሲያነብ የነበረ ሰው አንድ ቀን ጠዋት በሩን ሲያንኳኳ የሚከፍትለት አጣ። ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ያሳተመው ወፍራም መጽሐፍ ግን በየመደርደሪያው ቆሞ ነበር፤ እሱን የሚሰርቅ ወንበዴ ገና አልመጣም።

ነገሩ ደግሞ ተቃራኒ ገጽ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ በተካሄደው ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ተጎዱ፤ የተዘረፉ ብራናዎች በኢንተርኔት ገበያ ለሽያጭ ቀርበው እንደታዩም ተዘገበ። ከዚያ ቀደም፣ ከ2009 እስከ 2015፣ የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአጥቢያዎቹ ካህናት ጋር ሆነው በዚያው ክልል ብዙ ብራናዎችን በዲጂታል ካሜራ አንሥተው ነበር። ምስሉ የጠፋውን ብራና አይተካም። ነገር ግን ብራናው የማን እንደነበረ ይመሰክራል፤ አንድ ቀን በአንድ ሻጭ መስኮት ላይ ብቅ ቢል ‹‹ይህ የእኛ ነው›› ለማለት ማስረጃ ይሆናል። የጥንቱ ጸሐፊ በመጨረሻው ገጽ የጻፈው ግዝት ሌባውን ማስፈራት ሲያቅተው፣ ይህ አዲሱ ግዝት ሊይዘው ይችል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በዚያው በሃምቡርግ የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎች የኢንተርኔት ካታሎግ ስሙ ምን ቢባል ጥሩ ነው? ‹ቤተ መጻሕፍት›! በግዕዙ ስሙ፣ ከሚኒሶታም ከለንደንም ከቫቲካንም ያሉትን ብራናዎች በአንድ ዝርዝር እያሰባሰበ ነው። የጎንደር ሊቅ የልጅ ልጅ ዛሬ ካለበት ሆኖ የቅድመ አያቱን መጽሐፍ መፈለግ ይችላል፤ ትክክለኛዋን ሀ ካወቀ።

*

ጋሼ በቅርቡ ጡረታ ይወጣሉ። ባለፈው ሰሞን ሳገኛቸው ያን ደብተር በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት ነበር። ጠርዙ ተበልቷል፤ አንዳንዱ ገጽ በሻይ ተነክሯል፤ ቀለሙ ሦስት ዐይነት ነው። ‹‹ልጄ፣ አንተ ቶሎ ቶሎ ትጽፋለህ አይደል?›› አሉኝ። ‹‹ይህን ወደ ኮምፒዩተር ብናስገባው። እኔ ልናገር፣ አንተ ጻፍ። ስሞቹ በእኔ ራስ ብቻ ቢቀሩ፣ ያ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ሆኜ መሞቴ ነው።››

እነሆ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራችን ይህ ሆኗል። እሳቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ደብተሩን ከፊታቸው ዘርግተው ያነባሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ስንጨርስ በሁለት ቦታ እናስቀምጠዋለን፤ በሳቸው ጥያቄ ደግሞ በወረቀት አትመን አንድ ቅጂ እናኖራለን። ገና በሀሌታው ሀ ላይ ነን። ሐመሩና ብዙኃኑ ይጠብቁናል። አንዳንዴ በአንድ ስም ላይ ቆመን ስለ ደራሲው ስናወራ ይመሻል፤ ሥራው ወደ ኋላ ይቀራል፤ እኔ ግን አልከፋም። ያን የግጥም መድበልም አሁን ሦስት ሰዎች ተውሰውታል።

ስማቸው በየትኛውም ሽፋን ላይ ለማይጻፈው ለጋሼና ለመሰሎቻቸው ይህችን ስንኝ አኑሬ ልሰናበት፦

ያኖሩትን ነገር የሚያገኝ ካልመጣ፣
መጽሐፍ ቢደረደር ምን ፋይዳ ሊያመጣ?
ፊደሉን አስታርቀው፣ ስም ከስም አጣምረው፣
ለማያውቁት ወዳጅ መንገድ ጠርገው ኖረው፣
የእነሱ ስም ሳይጻፍ በገጽ በሽፋኑ፣
ለሚያነበው ሁሉ ኩራዝ ለሚሆኑ፣
ይድረሳቸው ዛሬ የምስጋና ቃሌ፤
በሦስቱም ‹ሀ› ጻፍኩት እንዳይጠፋ ውሌ።

ቸር ይግጠመን።